ዞማ ሙዚየም፦ የጭቃ ግድግዳ፣ የጓሮ አትክልት እና ሁሉም ሰው የሚያርፍበት መናፈሻ

እናቴ ወደ ዞማ ሙዚየም ግቢ እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መዳፏን ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነበር። ግድግዳው በእጅ በወጡ ጠመዝማዛ ቅርጾች የተሸፈነ የጭቃ ግድግዳ ሲሆን፣ እኔ ስለ ንድፉ ላስረዳት ስዘጋጅ እሷ ግን ንድፉን ትታ ጭቃውን ነበር የምትመረምረው። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፣ «ይሄ በደንብ የቦካ ነው፤ ጭዱ ሳይበሰብስ መርገውት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተሰነጣጥቆ ነበር» አለችኝ። ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ቤት ስትመርግና ስትለቀልቅ ያደገች ሴት ናት። ባለፉት ዓመታት ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ መናፈሻዎች ይዣት ሄጃለሁ፤ ስለምታየው ነገር ከእኔ የበለጠ አዋቂ ሆና ያገኘኋት ግን እዚህ ነው። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ ንግግሯ ነው።

ዞማ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በመካኒሳ አካባቢ የሚገኝ ሙዚየም ሲሆን በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። መሥራቾቹ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያና የዐውደ ርእይ አዘጋጅ የሆኑት መስከረም አሰግድ ናቸው። ኤልያስን የሥነ ጥበብ ወዳጆች የሚያውቁት ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚሰበስባቸው የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎች በሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው ስሚዝሶንያን ብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ሰጥቶታል፤ በ2022 ደግሞ ሥራዎቹ በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ቀርበዋል። ይህን የምጠቅሰው ሌሎች የጣሉትን አንሥቶ ዋጋ እንዳለው ማሳየት የሰውየው የረጅም ዘመን ሥራ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ዞማም የዚያው ሥራ ቅጥያ ይመስለኛል፤ በሽቦው ፋንታ እዚህ የተነሣው መሬት ነው።

ግቢው ያረፈበት ቦታ ቀድሞ የግንባታ ፍርስራሽ የሚደፋበት፣ አፈሩም የተበከለ ነበር። ዛሬ በዚያው ተዳፋት ላይ እርከን ተሠርቶለታል፤ በድንጋይ የተነጠፉ መተላለፊያዎች፣ የአትክልት መደቦች፣ ላሞች፣ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሕፃናት ትምህርት ቤት አሉበት። ቤቶቹ የተሠሩት ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ ነው። የሥዕል አዳራሹን ለማየት ብቻ የሚመጣ ጎብኚ ግማሹን ሳያይ ይመለሳል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግድግዳው፣ እርከኑና የጎመን መደቡ ራሳቸው ለእይታ የቀረቡ ሥራዎች ናቸውና። የትኛው ሥዕል፣ የትኛው ጓሮ እንደሆነ ለመለየት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ ትቼዋለሁ።

ጭቃ ቤት ሲሠራ አይቶ ለማያውቅ አንባቢ፣ እናቴ መዳፏን ስታሳርፍ የነካችው ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት ይገባኛል። አፈሩ ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀምለታል፤ ውኃ እየፈሰሰበት፣ የጤፍ ጭድ እየተነሰነሰበት በእግር ይረገጣል። ከዚያም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት እንዲቦካ ይተዋል፤ በየመሐሉ እየተገለበጠ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ልዝብ ጭቃ በቋሚውና በማገሩ ላይ ይመረጋል፤ ሲደርቅ የሚታየው ስንጥቅ በሁለተኛ ምርጊት ይደፈናል፤ በመጨረሻም ይለሰናል። የቸኮለ ሰው በማንኛውም ደረጃ ላይ ቢያጭበረብር የመጀመሪያው ክረምት ያጋልጠዋል። በዞማ ግድግዳዎች ላይ የሚታየው ጠመዝማዛ ቅርጽ የወጣው ከዚሁ ጭቃ ስለሆነ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው የሠዓሊውን ሐሳብ ሲያይ፣ ቀርቦ የሚዳስሰው ደግሞ የረጋጩን እግርና የመራጊውን መዳፍ ያገኛል። እናቴ ያገኘችው ሁለተኛውን ነው።

የዚህ ቦታ ትልቁ ብቃት ምንድን ነው ብባል መልሴ ይኸው ነው፦ ዞማ እናቴን እንደ እንግዳ አላያትም። ለምን ይህ ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባን የከተማችንን የመናፈሻ ሥዕሎች ስናስታውስ ይመስለኛል። አዲስ መናፈሻ ሊሠራ ሲታቀድ ቦታው ዙሪያውን በቆርቆሮ ይታጠርና በአጥሩ ላይ የወደፊቱን የሚያሳይ ሥዕል ይለጠፋል። ቆም ብዬ እነዚያን ሥዕሎች የማየት ልማድ አለኝ። ሣሩ የተስተካከለ ነው፤ ፏፏቴው ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ ጫማቸው የሚያበራ ወጣቶች ይራመዳሉ፤ አንዲት ሴት ስፖርት እየሠራች ታልፋለች። ነጠላዋን አጣፍታ በዝግታ የምትሄድ ባልቴት፣ በክራንች የሚራመድ ሰው፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ ጀበናዋን አስቀምጣ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ቡና ሻጭ፣ ዕቃውን አውርዶ ጥላ ሥር የተጋደመ ተሸካሚ ግን በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ በሥዕል ተወስኗል ማለት ነው። ሠዓሊዎችንና አርክቴክቶችን በአንድ ጉዳይ መጠየቅ ቢፈቀድልኝ በዚህ እጠይቃቸው ነበር፤ ምክንያቱም በወረቀቱ ላይ ያልታየ ሰው መቀመጫም፣ ጥላም፣ የሽንት ቤት መወጣጫም አይሠራለትም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የራሴን ገጠመኝ ላንሣ። ከዓመታት በፊት እናቴን ወደ አንድ ሌላ መናፈሻ ይዣት ሄጄ ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ጉልበቷን ያማታል፤ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ስትራመድ ማረፍ ትፈልጋለች። አግዳሚ ወንበሮቹ ከመግቢያው ርቀው ፀሐይ ላይ ነበሩ፤ መደገፊያም የላቸውም። ስለዚህ ነጠላዋን አንጥፋ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው አንድ ጥበቃ ፊሽካ እየነፋ መጣና፣ «እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም፤ ሣሩ ይበላሻል» አላት። በአክብሮት ነበር የተናገረው፤ የታዘዘውን መፈጸሙ ስለሆነም አልተቀየምኩትም። እናቴ ግን ተነሥታ ነጠላዋን እያራገፈች፣ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥላ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ እሱም መልስ አላገኘም። ከዚያን ቀን ወዲህ መናፈሻ እንሂድ ስላት ሰበብ ትፈጥር ነበር፤ ዞማም የመጣችው የእህቴ ልጅ አልቅሳ ስለለመነቻት ነው።

ጥያቄዋን ደጋግሜ ሳስበው ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ዋርካ ነው። ዋርካ ሥር እድር ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋል፤ እረኛ ይተኛል፤ መንገደኛም ያርፋል። መግቢያ የለውም፤ ተዉ የሚል ፊሽካም የለበትም። ቢሆንም ሥርዓት የሌለው ቦታ አይደለም፤ የት ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል። በእርግጥ ሴቶችና ወጣቶች በዚያ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ነበሩ፤ ያለፈውን ሁሉ አሳምሬ ማቅረብ አልፈልግም። ነገር ግን በአንድ ጥላ ሥር ብዙ ዓይነት ኑሮ አብሮ ሊያርፍ እንደሚችል ቀድሞ ያወቀ ማኅበረሰብ፣ ዛሬ መናፈሻ ሲሠራ ከባዶ የሚጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥነ ጥበብ በዚህ ላይ ምን ይጨምራል የሚል ሰው ይኖራል፤ ዛፍ መትከልና ወንበር ማስቀመጥ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነውና። እኔ በበኩሌ ሥነ ጥበቡ የሚያስፈልገው ከመትከል በፊት ይመስለኛል፤ የለመድነውን ነገር እንደ አዲስ እንድናይ ስለሚያደርገን። እ.ኤ.አ. በ1982 ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮዜፍ ቦይስ በካሰል ከተማ 7,000 ዛፎችን፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን አንድ አንድ የባዛልት ድንጋይ እያቆመ ለመትከል ተነሣ። ድንጋዮቹ በአንድ የከተማዋ ማዕከላዊ አደባባይ ተከምረው ነበር፤ አንድ ዛፍ በተተከለ ቁጥር ክምሩ ይቀንሳል። የመጨረሻው ዛፍ የተተከለው ሠዓሊው ካረፈ በኋላ፣ በ1987 ነው። ነዋሪው ክምሩን እያየ ሥራው የት እንደደረሰ ያውቅ ነበር። በማዘጋጃ ቤት ሪፖርት ውስጥ ቁጥር ሆኖ የሚያልፈውን ነገር ሠዓሊው በዐይን የሚታይ፣ ነዋሪው ራሱ የሚያጎድለው ክምር አደረገው። በየክረምቱ ችግኝ የምንተክል ሕዝቦች ስለሆንን ይህ ምሳሌ ሩቅ አይሆንብንም።

ዞማ የሠራው ደግሞ ከዚያ ይለያል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ለትውልዶች የኖረው ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው፤ ዳሩ ግን «ጭቃ ቤት» የሚለው ቃል በአንደበታችን የድህነት ስም ሆኖ ቀርቷል። ከተማዋ ስትታደስ በቅድሚያ የሚነሣው ጭቃ ነው፤ የሚተካው ደግሞ መስታወትና ሲሚንቶ። መታደሱን አልቃወምም፤ ጣሪያው በሚያፈስ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋል። ነገር ግን ከጭቃው ጋር አብሮ የሚነሣ ዕውቀት አለ፤ የባለ ዕውቀቱም ክብር አብሮ ይነሣል። ዞማ ያንን ዕውቀት አንሥቶ የሚያኮራ ቦታ ላይ ሲያስቀምጠው፣ በቃል ሳይነገር የሚተላለፍ መልእክት አለው፦ ይህን ስትሠሩ የኖራችሁ ሰዎች የዚህ ቦታ ባለቤቶች ናችሁ። መወጣጫና ሰፊ በር ሳይኖር መናፈሻ ለሁሉም ክፍት ነው ሊባል እንደማይችል አምናለሁ። መወጣጫው ተሠርቶም ግን ሰው የራሱን ኑሮ የሚመስል ነገር በግቢው ውስጥ ካላየ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን ይሄዳል።

ከእናቴ ጋር ከሄድን በኋላ አንድ ዐይነ ስውር ወዳጄን ይዤ ተመልሻለሁ። መናፈሻ ለእሱ ብዙ ጊዜ የአበባ ሽታ፣ የወፍ ድምፅና የእኔ ገለጻ ብቻ ነው። ከቤቶቹ ወደ አንዱ ስንቀርብ እጁን በውጩ ግድግዳ ላይ አኖርኩለት። ሁለት ጣቶቹን በአንዱ ቅርጽ ላይ አሳርፎ መስመሩን ተከትሎ መራመድ ጀመረ፤ መስመሩ ሲወርድ እያጎነበሰ፣ ሲወጣ ቀና እያለ። ከማዕዘኑ ሲደርስ ቆመና፣ «እዚህ ጋ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ አየኸው?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ መሪው እሱ ሆነ፤ ለስላሳው የት እንደሚያበቃ፣ ሻካራው የት እንደሚጀምር፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ገጽ ከጥላው በምን እንደሚለይ ሲያስረዳኝ ቆየ። በወረቀት ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ» የሚል ሐረግ ብዙ ጊዜ አንብቤያለሁ፤ ዐይነ ስውር ሰው ለሚያየው ሰው አስጎብኚ ሲሆን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ለልጆች የሚሆነውንም በአጭሩ ልጥቀስ። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ በአትክልት መደቦቹ አጠገብ ያሳለፈችው ጊዜ ከማንኛውም ዥዋዥዌ ይበልጣል። ጎመን ከሱቅ እንጂ ከአፈር እንደሚወጣ በዐይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ላሟን ስታይ ፈርታ ወደ አያቷ ቀሚስ ተሸጎጠች፤ አያቷም እበት ምን እንደሆነና ወለል እንዴት እንደሚለቀለቅበት አስረዳቻት። ሕፃኗ አፍንጫዋን ይዛ ሰማቻት፤ ከዚያ ግን ለሦስት ቀናት ያህል በቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በሁለት ትውልድ መካከል የተቋረጠ ወሬ መልሶ የሚቀጥል አረንጓዴ ቦታ በከተማችን እንደልብ አይገኝም።

የዞማ ሐሳብ ከግቢው አልፎ መሄዱንም መግለጽ ተገቢ ነው። ኤልያስና መስከረም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በተመረቀው በአንድነት ፓርክ ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። ከዚያም ወዲህ እንጦጦ ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክና በኮሪደር ልማት የተሠሩ አረንጓዴ ቦታዎች ተከትለዋል፤ ከተማዋ በእኔ ዕድሜ እንዲህ በፍጥነት መናፈሻ ስትሠራ አላየሁም። ስለዚህ ሠዓሊዎች በሥራው ላይ የሚኖራቸው ድርሻ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ዛሬ የሚጠየቅ ነው። ሥጋቴ አንድ ነው፦ የዞማ ጠመዝማዛ ቅርጾች በየመናፈሻው ሲሚንቶ ላይ ጌጥ ሆነው እንዳይቀሩ። ቅርጹን መገልበጥ ቀላል ነው። ሊወረስ የሚገባው አሠራሩ ነው፤ አፈሩን መርምሮ መነሣት፣ በአካባቢው ያለውን ባለ እጅ ፈልጎ ማግኘት፣ ሥራው እስኪበስል መታገሥ። በቦታው ላይ ቡና ስታፈላ የኖረችውን ሴት፣ የሌሊት ጥበቃውን፣ ትምህርት ቤት የምትሻገረውን ልጅ ስለ ጥላውና ስለ መብራቱ መጠየቅ የሥነ ጥበቡ አካል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ሠዓሊው ወረቀቱን የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ዞማ ሙዚየም መሆኑን አንባቢ እንዳይዘነጋ እፈልጋለሁ፤ ባለ በር ግቢ ነው፣ የሚገባውም ከፍሎ ነው። የሰፈርተኛው ዕለታዊ ማረፊያ የሚሆን ሜዳ ከእሱ መጠበቅ ተገቢ አይሆንም፤ ያንን የማዘጋጀት ኃላፊነት የከተማዋ ነው። ከእሱ የምንጠብቀው፣ እሱም ያደረገው፣ ሌላ ዓይነት መናፈሻ ሊኖር እንደሚችል በእጅ በሚዳሰስ ነገር ማሳየት ነው። በዚህ ረገድ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልስጥ። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ያነሰ ግን አትያዙ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉላቸው፣ እየተደገፉም ይራመዱ። ግድግዳዎቹን ለማየት ጥሩው ጊዜ ማለዳ ወይም ወደ አመሻሹ ነው፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል የቅርጾቹ ጥላ ይረዝማል፣ ቀትር ላይ ግን ጠፍጣፋ ይመስላሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ዙር ባዶ እጃችሁን ዙሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭቃ የረገጠ ሰው ከዘመዶቻችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእሱ የተሻለ አስጎብኚ አታገኙም።

እናቴ ወጥተን መኪና ስንጠብቅ፣ «የማኅበሬን ሴቶች ማምጣት አለብኝ» አለች። ከመካከላቸው ሁለቱ በልጅነታቸው በምርጊት ሙያ በሰፈሩ ሁሉ የሚፈለጉ ነበሩ፤ ያንን ግድግዳ አይተው ምን እንደሚሉ መስማት ትፈልጋለች። ቀኑ ተቆርጧል፣ ሴቶቹም ተነግሯቸዋል፤ አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና እንድፈልግ እኔ ታዝዣለሁ።